ድግጣን በግቢ ማልማት፦ ዘሩ ለምን አይበቅልም? በበጋ ቅጠሉ ሲረግፍ ሞቷል ማለት ነው?

ጓሮ ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። በግቢዬ ዳር 12 ሜትር የሚሆን ባዶ መስመር አለ። ከውጭ የገባ የአጥር ተክል ከምደረድር የአገራችንን ድግጣ ልተክልበት አስቤያለሁ። ቢጫ አበባው ደስ ይለኛል፣ ውሃም ብዙ አይፈልግም ይባላል። ቦታው ወይና ደጋ ነው፤ የመስመሩ ግማሽ ቀይ አፈር፣ ግማሹ መረሬ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃ አፈር)።

ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። አንደኛ፣ ከዘራሁት 30 ዘር በአንድ ወር ውስጥ የበቀለው 2 ብቻ ነው። ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ የአዘራሬ? ሁለተኛ፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ባዶ እንጨት የሚሆነው ነገር ጤና ነው? ሦስተኛ፣ ለ12 ሜትር ስንት ችግኝ ያስፈልገኛል?

---

ቁጥቋጦ

ከሁሉ በፊት በእጅህ ያለው ዘር የድግጣ መሆኑን አረጋግጥ። ድግጣ (ዲግጣ ብለው የሚጽፉም አሉ፤ በኦሮምኛ ጬካ ይባላል) ሳይንሳዊ ስሙ ካልፑርኒያ አውሪያ ነው። «አውሪያ» በላቲን ወርቃማ ማለት ነው። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በተፈጥሮ ይበቅላል፣ በደቡብ ሕንድም አለ። ወገኑ ከባቄላና ከአተር ጋር ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ከሰስባንያ ጋር ነው። ሁለቱም ቢጫ አበባ አላቸው፣ ሁለቱም በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ትንንሽ ቅጠሎች አሏቸው። መለያው እንዲህ ነው። የቅጠሉን ዘንግ ያዝና ጫፉን ተመልከት። ድግጣ ከሆነ ጫፉ ላይ ብቻዋን የቆመች አንድ ቅጠል ታገኛለህ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ሰስባንያ ግን በጥንድ ይጨርሳል፣ ጫፉ ላይ ብቸኛ ቅጠል የለውም። ፍሬያቸውም አይመሳሰልም፦ የሰስባንያ ቀጭንና ረጅም ነው፣ እንደ ገመድ ይንጠለጠላል። የድግጣ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲደርቅ እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ በአንደኛው ጠርዙ በኩል ስስ ክንፍ የመሰለ ጥለት አለው፣ ርዝመቱም ከጣት ብዙ አይበልጥም።

ይህን ያስረዘምኩት ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ሰስባንያ የከብት መኖ ነው፣ ድግጣ መርዝ ነው። ተሳስቶ አጭዶ ለጥጃ መስጠት ከባድ ጥፋት ያመጣል።

ሌላው የሚምታታበት ጥቁር እንቡጥ ያለውና አበባው እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የሰና ዓይነት ነው። የድግጣ አበባ ወደ ታች የተንጠለጠለ ዘለላ ነው፣ እያንዳንዷ አበባም የአተር አበባ ቅርጽ አላት።

---

ዘር ለቃሚ

ወደ ዘሩ ልምጣ። 30 ተዘርቶ 2 መብቀሉ አያስገርምም፣ ያለ ዝግጅት የተዘራ ድግጣ ልማዱ ነው። የዘሩ ቆዳ ውሃ አያስገባም። ዘሩ በሕይወት አለ፣ አፈሩም እርጥብ ነው፣ ግን ውሃው ወደ ውስጥ አልደረሰም። የቀሩት 28ቱ ምናልባት አሁንም መደቡ ውስጥ ደህና ሆነው ተቀምጠዋል፤ ቆፍረህ ብታወጣቸው እንደ ጠጠር የጠነከሩትን እንደገና መጠቀም ትችላለህ።

ለቀማ፦ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ገለባ ቀለም ሲቀየርና ስታወዛውዘው ውስጡ ሲንኳኳ ደርሷል። አረንጓዴውን አትልቀም፤ ዘሩ ሳይሞላ ይጨማደዳል። ፍሬዎቹን በጆንያ ላይ አስጥተህ ለ3 ወይም ለ4 ቀን አድርቅ፣ በመዳፍህ እሸውና ገለፈቱን በነፋስ አበጥረው። ከዚያ ዘሩን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተህ አንድ በአንድ እይ። መርፌ የወጋው የመሰለ ክብ ቀዳዳ ያለበትን ሁሉ ጣል። ውስጡን ጢንዚዛ በልቶታል፤ አይበቅልም፣ ከጤነኛው ጋር ካስቀመጥከውም ጣጣው ይተርፋል። በድግጣ ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ከሚያስፈልግህ ሦስት እጥፍ ልቀም።

ዝግጅት፦ ውሃ አፍላና ከእሳት አውርድ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ፤ ወደ 80 ዲግሪ ሲወርድ ዘሩ ላይ አፍስሰው። ልኩ ለ1 ሲኒ ዘር 6 ሲኒ ውሃ ነው። ሳትነካው እዚያው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያም እስከ ነገ ተመሳሳይ ሰዓት ይቆይ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያበጠው ተለይቶ ይታያል፦ መጠኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ አንጸባራቂነቱ ይጠፋል፣ በጥፍር ስትጫነው ይለሰልሳል። ያንን በዚያው ቀን ዝራ፣ ካበጠ በኋላ መድረቅ የለበትም። ያላበጠውን ለብቻው አውጣና ድገመው።

---

ጓሮ ወዳድ

ከሥር ከሥር ስለመለሳችሁ አመሰግናለሁ። ጬካ መባሉን አላውቅም ነበር። ዘሩ የድግጣ ነው፣ ጫፏ ላይ ብቸኛዋን ቅጠል አይቻለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ዘሩን ከውሃው ጋር እሳት ላይ ጥዶ ለ5 ደቂቃ ማፍላት ይሻላል ያለኝ ሰው አለ።

---

ዘር ለቃሚ

አታድርገው። ሙቅ ውሃ ቆዳውን ብቻ መትቶ ይሰነጥቀዋል፣ ውሃው ወዲያው መቀዝቀዝ ስለሚጀምር ሙቀቱ ወደ ፅንሱ ሳይደርስ ያልቃል። እሳት ላይ ከተጣደ ግን ሙቀቱ አይቀንስም፣ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ዘሩ ይቀቀላል። የተቀቀለ ዘርም ያብጣል፤ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። «አብጦልኛል» ብሎ ይዘራዋል፣ በሳምንቱ ሲቆፍረው ሸቶ ያገኘዋል።

ዘርህ ጥቂት ከሆነ ከነጭራሹ በሙቅ ውሃ አትድከም። እያንዳንዷን ዘር በጥፍር መቁረጫ ጫፏን ነካ አድርጋት፣ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ውስጡ ነጣ ብሎ እስኪታይ ፈግፍጋት። አንድ ነገር ብቻ ጠብቅ፦ ዘሩ ከፍሬው ጋር ተያይዞበት የነበረች ጠባሳ፣ ዓይኑ የምንላት አለች። ፅንሱ ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ በተቃራኒው ወገን ፈግፍግ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ አንድ ሌሊት ይደር። ለ60 ዘር ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢፈጅብህ ነው፣ ከሙቅ ውሃውም የበለጠ አስተማማኝ ነው።

---

የችግኝ መደብ

ከዚህ ልቀጥል። ድግጣ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ቶሎ ስለሚያወጣ መደብ ላይ ዘርቶ በኋላ ነቅሎ ማዛወር ያጎሳቁለዋል። በቀጥታ በችግኝ ላስቲክ ዝራ። ላስቲኩ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ይብለጥ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድና ቢያንስ 15፣ ቢቻል 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። ከታች ውሃ ማውጫ ቀዳዳ የግድ ነው።

አፈሩ፦ 3 እጅ ተራ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ። መረሬ አፈር ከሆነ ያለህ አሸዋውን 2 እጅ አድርግ። ፍጉ ሲሸተት የፍግ ሽታ ካለው ገና ነው። የበሰለ ፍግ የጫካ አፈር ይሸታል።

በአንድ ላስቲክ 2 ያበጠ ዘር፣ ጥልቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር። ከላይ ስስ አሸዋ በትንበት። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ቁረጥ፤ ከነቀልከው የጎረቤቱን ሥር ያናጋል።

የሚዘራበት ጊዜ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ነው። ሐምሌ ላይ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ለተከላ ይደርሳል። በጥቅምት የዘራ ሰው ግን በሐምሌ የሚያገኘው ላስቲኩን በስቶ መሬት የገባና ሥሩ የተጠማዘዘ ችግኝ ነው።

ችግኙን የሚገድሉት በአብዛኛው ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው አንገት መበስበስ ነው። ችግኙ ጠዋት ደህና ቆሞ የነበረው ከሰዓት ወደ ጎን ተጋድሞ ይገኛል። ጠጋ ብለህ ካየኸው ከአፈሩ ጋር የሚነካካው ቦታ ላይ ግንዱ ክር አክሎ ቀጥኗል፣ ውሃ ያዘለ ቡናማ ሆኗል። ቅጠሎቹ ግን ገና አረንጓዴ ናቸው። የወደቀው አይመለስም፣ ጎረቤቶቹን ግን ማዳን ይቻላል፦ ውሃውን ቀንስ፣ ጥላውን አንሳ፣ ላስቲኮቹን አራርቅ፣ ማታ ማጠጣት ተው። በማታ የጠጣ መደብ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ሻጋታው የሚፈልገውም ያንን ነው። ሁለተኛው ቆራጭ ትል ነው። እሱ የቆረጠው ችግኝ ንጹሕ ቁርጥ አለው፣ የቀጠነ ወይም የበሰበሰ ነገር አይታይበትም። በጠዋት ከተቆረጠው ሥር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ብትጭር ራሱን እንደ ቀለበት የጠቀለለ ግራጫ ትል ታገኛለህ።

ከሁለት ወር በኋላ ላስቲኩን በየ2 ሳምንቱ አንሳና ወደ ታች የወጣውን ሥር ቁረጥ። ለተከላ 3 ሳምንት ሲቀረው ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንስ፣ ጥላውን ሙሉ በሙሉ አንሳ። ያልተላመደ ችግኝ ሜዳ ላይ ሲወጣ በአንድ ሳምንት ፀሐይ ጫፉ ይቃጠላል።

---

ቁጥቋጦ

አንድ ጭማሪ። ዘር ለመዝራት ጊዜ ያለፈበት ሰው በክረምት ከእናት ድግጣ ሥር ራሳቸውን የዘሩ ችግኞችን ማግኘት ይችላል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች በኋላ 2 ወይም 4 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ፣ ደመና በሆነ ቀን፣ ከነአፈራቸው 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ማንሳት ነው። ከዚያ በላይ ካደጉ ዋናው ሥር ይቆረጣል፣ ችግኙም ለወራት ፈዝዞ ይቀራል። በቁርጥራጭ እንጨት ለማባዛት መድከም ግን አይታየኝም፤ ዘሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ትርፉ ምንድን ነው?

---

መቀስ

ለ12 ሜትሩ ስሌቱ ይኸው። በአንድ ረድፍ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ከሆነ 25 ችግኝ ነው። በሁለት ረድፍ፣ በረድፎቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር፣ በረድፉ ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር ትተህ የላይኛውን በታችኛው ክፍተት ፊት ለፊት ብታደርግ 31 ይሆናል። ከ5 እስከ 6 መጠባበቂያ ጨምርበት። እኔ ሁለት ረድፉን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ድግጣ ከሥሩ የመሳሳት ጠባይ አለው፣ አንድ ረድፍ ከሆነ በሦስተኛው ዓመት ከጉልበት በታች ውሻ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኖረዋል።

ለአበባ ብቻ አንድ ተክል ለብቻው የምትተክል ከሆነ ግን ከግድግዳና ከሌላ ተክል ከ2 እስከ 3 ሜትር አርቀው። ቁመቱ ከ2 እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፣ ጫካ ውስጥ ከዚያም በላይ ይሄዳል።

---

የችግኝ መደብ

በረድፉ ነገር ከመቀስ ጋር አልስማማም። ከሥሩ የሚሳሳው በመጀመሪያው ዓመት ስለማይቆረጥ ነው። በጊዜው የተቆረጠ አንድ ረድፍ ይበቃል፣ በሁለት ረድፍ መካከል ያለውን አረምም መንቀል ፈተና ነው። ለማንኛውም፣ የግቢው ወርድ ጠባብ ከሆነ አንድ ረድፍ።

የመረሬው ግማሽ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዚያ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ በለስላሳ ኮምፖስት መሙላት ትልቅ ስህተት ነው። በዙሪያው ያለው መረሬ ውሃ አያሳልፍም፣ የተሞላው ለስላሳ አፈር ግን ውሃውን ሁሉ ይስባል። ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፣ ሥሩ ሐምሌና ነሐሴን ውሃ ውስጥ ያሳልፋል። መረሬ ላይ ከመቆፈር ይልቅ አፈሩን ከፍ አድርግ፦ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተከታታይ ጉብታ ሥራና ጫፉ ላይ ትከል። ከጉብታው ጎን ውሃ የሚሄድበት ቦይ ይኑር፣ መውጫ ያለው።

ቀይ አፈሩ ላይ 40 በ40 በ40 ጥሩ ነው። የላይኛውን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አስቀምጥ፤ ስትመልስ የላይኛው ሥሩ ዙሪያ ይግባ። አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ኮምፖስት ከበቂ በላይ ነው። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቅ፣ «ይበሰብሳል» ብለህ አትተወው፤ አይበሰብስም። ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ የመጨረሻውን 2 ሴንቲ ሜትር በሹል ቢላ ቁረጥ። የችግኙ አንገት በላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ልክ ይሁን፣ አንድ ጣት እንኳ ዝቅ አይበል። አፈሩን የምታለብስበት ጉዝጓዝ (ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል) ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ።

---

ጓሮ ወዳድ

ይህ የገንዳው ነገር አእምሮዬን ከፈተልኝ፣ እኔ ኮምፖስት ልሞላበት ነበር። ውሃስ? የቅጠሉ መርገፍስ?

---

ቁጥቋጦ

ውሃ በመጀመሪያው በጋ፦ ክረምቱ ካበቃ በኋላ ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር፣ ቀስ ብሎ፣ አፈሩ እየመጠጠው። በየቀኑ 1 ሊትር ማፍሰስ ከዚህ ይከፋል፤ እርጥበቱ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ሥሩም ወደ ላይ ይመጣል፣ አንድ ሳምንት ብትረሳው ይደርቃል። በሁለተኛው በጋ በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ። ከዚያ በኋላ ተወው።

ቅጠል መርገፉ ጤና ነው። ድግጣ ደረቅ በሆነ ቦታ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ውሃ የሚቆጥብበት መንገዱ ነው። እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በከፊል ለምልሞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ባዶ እንጨት፣ ሌላው አረንጓዴ ድግጣ ቢኖራቸው ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ምረጥና ቆዳውን በጥፍርህ ፋቅ አድርግ። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው። ደረቅ ቡናማ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብለህ ሞክር፣ ጫፉ ብቻ ደርቆ ሊሆን ይችላል። እስከ አፈሩ ድረስ ቡናማ ከሆነም ቶሎ አትንቀለው፤ አንድ ዝናብ ይለፍበት። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

ችግሩ ባዶ የሆነውን ድግጣ አይቶ የሚደነግጥ ሰው ነው። ደንግጦ በየቀኑ ውሃ ያጠጣዋል። ቅጠል የሌለው ተክል ውሃ አይተንም፣ ስለዚህ የሚፈስሰው ሁሉ ሥሩ ዙሪያ ይቆማል። ግቢ ውስጥ ከሞቱ ድግጣዎች ይህ የገደላቸው ጥም ከገደላቸው ይበዛሉ ብዬ አምናለሁ።

ሊያስደነግጥህ የሚገባው የነሐሴ መርገፍ ነው። ዝናቡ እየዘነበ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ከረገፉ ሥሩ እየበሰበሰ ነው። አንገቱ አጠገብ አፈሩን ገለጥ አድርግ። ቆዳው ጠቁሮ በጣት ሲታሽ ከእንጨቱ የሚላቀቅ ከሆነ፣ የኮመጠጠ ሽታም ካለው ያ ነው። ያኔ ቦይ ክፈትለት፣ ጉዝጓዙን አንሳለት፣ የተጠራቀመውን አፈር ከአንገቱ ግለጥ።

---

እረኛው

ከላይ ቁጥቋጦ መርዝ ነው ብሎ ያለፈውን ላጠንክረው፣ ምክንያቱም ግቢ ውስጥ ልጆች አሉ።

የድግጣ ቅጠልም ዘርም መራራ አልካሎይድ አለው፤ ግብጦን መራራ የሚያደርጉት ዓይነት ማለት ነው። ግን «ግብጦም ተዘፍዝፎ ይበላል» ብሎ ማንም እንዳይሞክረው፤ ድግጣ ተዘፈዘፈም አልተዘፈዘፈ ምግብ አይደለም። ዘሩ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያደነዝዛል፣ እንደ ብርብራ ዛፍ ዘር። ቅጠሉ ተጨምቆ ከከብት ላይ ቅማልና መዥገር ለማራገፍ ሲሠራበት ኖሯል። ነፍሳትን የሚገድል ነገር የልጅ ራስ ቆዳ ላይ ቁስል ካገኘ ወደ ደም ይገባል፣ ስለዚህ ለልጅ ቅማል ብላችሁ ቤት ውስጥ አትቀቡ።

ለግቢው የሚከተለውን ጠብቁ። የደረቀው ፍሬ ልጆች በሚደርሱበት ቁመት እየተንኳኳ ይጫወቱበታል፤ እስከ ደረት ድረስ ያለውን ለቅማችሁ አስወግዱ። ከዓሣ ገንዳ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከከብት መጠጫ አጠገብ አትትከሉ። ቆሞ ሳለ ከብትም ፍየልም አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም፣ ለአጥር የሚመረጠውም በዚህ ነው። አደጋው ከግረዛ በኋላ ነው፦ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ከሌላ ሣር ጋር ተቀላቅሎ ጋጣ ውስጥ ከገባ የተራበ ጥጃ መርጦ አይበላም። የግረዛውን ትርፍ ለብቻው ከምሩት።

---

መቀስ

እረኛው ያለው በትክክል ቦታው ላይ ነው። ስለ ግረዛው ልቀጥል።

የመጀመሪያው ቁርጥ የሚያስጨንቅ ቁርጥ ነው፣ ግን ካልተደረገ አጥር የለም። ችግኙ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ 35 ላይ ቁረጠው። ከቁርጡ በታች ካሉት ሦስት አራት የቅጠል ብብቶች አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። እነዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ በግማሽ ቁረጣቸው። ከዚህ በኋላ ጎኑን ስትቆርጥ ከሥሩ ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል። ላዩ ከሰፋ ሥሩ ፀሐይ አያገኝም፣ ከላይ የተከራከርንበት መሳሳትም የሚመጣው ከዚህ ነው (የችግኝ መደብ እዚህ ላይ ትክክል ነው፣ እቀበላለሁ)።

ጊዜው፦ አበባው የሚመጣው በቅርንጫፉ ጫፍና ከጫፉ አጠገብ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝናቡን ተከትሎ። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ «እናስተካክለው» ብሎ ጫፍ የሚቆርጥ ሰው አበባውን ነው የሚቆርጠው። አበባው እንደረገፈ፣ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ግረዝ። ከጠቅላላው ከሲሶ በላይ አትውሰድ። ያረጀና እንጨት የበዛበትን ለማደስ ግን ግንቦት ላይ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለህ ሙሉ በሙሉ ቁረጠው፤ በክረምቱ ያቆጠቁጣል፣ የዚያ ዓመት አበባ ግን ይቀርብሃል።

በገጀራ አትምታው። ገጀራ የሚያወርደው ቅርንጫፍ በወዲያኛው በኩል ቆዳውን ይዞ ይላጣል፣ ልጣጩ እስከ ግንዱ ድረስ ይወርዳል፣ ቁስሉም ሳይገጥም ይከርማል። ስለት ያለው የአትክልት መቀስ፣ ከአውራ ጣት ለሚወፍረው ደግሞ መጋዝ። ወፍራሙን መጀመሪያ ከታች በኩል እስከ ሲሶው ግዘገዘው፣ ከዚያ ከላይ ቁረጠው፤ ሲወድቅ አይልጥም።

---

ጓሮ ወዳድ

ጎረቤቴ ያለው ድግጣ አራት ዓመቱ ነው፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ለምልሟል፣ አበባ ግን አንድም የለውም። ለምን ይሆን? ከመትከሌ በፊት ልወቀው።

---

የችግኝ መደብ

«እንደ ጎመን» ካልክ መልሱን ሰጥተሃል፤ ዩሪያ ወይም ብዙ ፍግ እያገኘ ነው። ጥራጥሬ ወገን ስለሆነ ያ ሁሉ ናይትሮጅን አያስፈልገውም፣ ሲሰጡት ወደ ቅጠልና ወደ ረጅም ለስላሳ ጭራ ይለውጠዋል። ያንን ለስላሳ ጫፍ ደግሞ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) ይወደዋል። ማዳበሪያውን ሙሉ በሙሉ አቁሞ አንድ ዓመት ይጠብቅ።

ማዳበሪያ አልሰጠሁም ካለ ጥላውን እይ። በቀን 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ አበባው ይቀንሳል። ሦስተኛው መቀስ የተናገረው ነው፣ በክረምት መቆረጡ። ከዘር የተነሣ ድግጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ማበብ አለበት።

ክሽክሹን በተመለከተ፣ የአበባው ዘለላ ገና ሳይፈታ ዘንጉ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይሰፍራል፣ ጉንዳን ሲመላለስ ካየህ እዚያ አለ። ኃይል ያለው ውሃ ጠዋት ጠዋት ሦስት ቀን ብትረጨው ይበቃዋል። ካልሆነ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ አመሻሽ ላይ፣ ንቦች ከገቡ በኋላ።

---

ወለላ

ስለ ንብ ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። ድግጣ ጥሩ የንብ ቀሰም ነው፣ አበባ ላይ ሳለ ምንም ዓይነት ፀረ ተባይ አትርጩበት። አበባውን በቅርብ እዩት፦ ታችኞቹ ሁለት ቅጠሎች እንደ ጀልባ ተጋጥመው ወንዴውን ክፍል ሸፍነውታል። ንቧ ስታርፍ ክብደቷ ጀልባውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ያኔ ብናኙ ሆዷን ይነካል። ለዚህ ነው ትልልቆቹ፣ እንጨት የሚበሱት ጥቁር ንቦች አበባውን ያለ ችግር የሚከፍቱት።

ከቀፎ አጠገብ የምትተክሉ ከሆነ ከቀፎው በር ፊት ለፊት አታድርጉት፣ ከጎን ይሁን፤ ለንቧ መብረሪያ ቢያንስ 3 ሜትር ክፍት ተውላት።

---

ጓሮ ወዳድ

የመጨረሻ ጥያቄ። ትናንት በሙቅ ውሃ ከዘፈዘፍኳቸው 80 ዘሮች 46ቱ አበጡ፣ 34ቱ አሁንም ድንጋይ ናቸው። ሙቅ ውሃውን ልድገመው ወይስ ልፈግፍግ? የምኖርበት አካባቢ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይነካዋል፣ ለዚህስ?

---

ዘር ለቃሚ

34ቱን ፈግፍግ፣ ሙቅ ውሃውን ሁለቴ ማሳለፍ አያስፈልግም። 46ቱን ግን አሁኑኑ ዝራ፤ ይህን መልስ እያነበብክ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ይሁኑ። በአንድ ላስቲክ 2 ብታደርግ 23 ላስቲክ ነው፤ ከ34ቱ በአማካይ ግማሹ እንኳ ቢያብጥ መጠባበቂያውን ሳይጨምር ለሁለቱም ዓይነት ረድፍ ይበቃሃል።

---

ቁጥቋጦ

ውርጩን የሚፈራው የመጀመሪያው ዓመት ችግኝ ነው። ከመስከረም በኋላ ለስላሳ ጫፍ እንዳያወጣ ውሃውንም ግረዛውንም ረገብ አድርግ። ውርጭ በሚጠረጠርበት ማታ በሦስት እንጨት ላይ ጆንያ አልብሰው፣ ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ አንሣ። ጫፉ ተቃጥሎ ጥቁር ከሆነ ወዲያው አትቁረጠው። የደረቀው ጫፍ ከሥሩ ላለው እምቡጥ መከለያ ነው፤ የውርጩ ወቅት አልፎ አዲስ ቅጠል ሲታይ፣ የካቲት ላይ፣ አረንጓዴው እስከሚጀምርበት ድረስ ቁረጥ።